ቤት ሲቃጠል ካሳው ከማን ነው? ከመዲና እስከ ኢስታንቡል፣ ከኢስታንቡል እስከ ተካፉል



በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጠለ። ወሬው ሲደርሳቸው እሳት የሰው ጠላት መሆኑን ነገሩ፤ ሰው ሊተኛ ሲል እንዲያጠፋውም አዘዙ። ይህን ያስተላለፉልን ታላቁ ሰሓባ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በጃቢር (ረ.ዐ) በኩል የመጣው ዘገባ ደግሞ አንድ አስገራሚ ዝርዝር ይጨምራል። አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን በባለቤቶቹ ላይ ልታነድ ትችላለች ይላል። ከ1400 ዓመት በፊት የተነገረ የቤት ውስጥ አደጋ መከላከያ ምክር ነው። ዛሬ የኩራዙ ክር ቦታውን ለተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለቀቀ እንጂ አይጧ ሥራዋን አላቆመችም። ጣሪያ ውስጥ የተዘረጋ ሽቦ በአይጥ ተበልቶ የሚነሳ እሳት ማንኛውም ኤሌክትሪሻን የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዚያው ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ሌላም ሐዲስ አለን። ወገኖቻቸው አሽዐሪዮች በዘመቻ ላይ ስንቅ ሲያልቅባቸው፣ ወይም ከተማ ውስጥ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ይሰበስቡና በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ ሲሉ አወደሷቸው። በአንዱ ሐዲስ እሳቱን አጥፋ ተባልን፤ በሌላው ደግሞ ጉድለት ሲመጣ አብሮ መሸከም ተወደሰልን። የሁለቱም ተራኪ አንድ ሰው መሆኑ ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከእነዚህ ከሁለቱ የወጣ አይደለም።

ጉዳያችን የቤት መድን ወይም በተለምዶ ኢንሹራንስ የምንለው ነገር ነው። ከወጣቶቻችን ጋር ስንወያይ ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። ግማሹ «ሐራም ነው» ብሎ ይዘጋዋል፣ ግማሹ «ባንኩ ስላስገደደኝ ገብቻለሁ እንጂ ምን እንደሚሸፍን አላውቅም» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ፊቅሁ ክርክር ታሪክ ብዙም አያውቅም፣ ሁለተኛው የፈረመውን ወረቀት አላነበበም። ለሁለቱም ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ቀደር ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሰለፎች መንገድ አልነበረም። ሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አያ ላይ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች መካከል «አል-ጋሪሚን»፣ ማለትም ባለዕዳዎች ይገኙበታል። የኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ተማሪ የነበረው ሙጃሂድ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሲያብራራ ሦስት ሰዎችን ጠቅሷል፦ ንብረቱን ጎርፍ የወሰደበት፣ ንብረቱን እሳት የበላበት፣ ቤተሰብ እያለው ገንዘብ አጥቶ ተበድሮ የሚያበላ። ጎርፍና እሳት! የዛሬ የቤት መድን ውል ከፍታችሁ ብታዩ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ የምታገኟቸው እነዚሁ ናቸው። በሶሒህ ሙስሊም በተዘገበው የቀቢሳ ኢብን ሙኻሪቅ (ረ.ዐ) ሐዲስም መለመን ከሚፈቀድላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ንብረቱን ድንገተኛ አደጋ የጠራረገበት ሰው ነው፤ ያውም መተዳደሪያ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ። ስለዚህ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ማቋቋም በእስልምና ከመጀመሪያው ጀምሮ የማኅበረሰቡ ኃላፊነት ነበር። ጥያቄው በምን ዓይነት አደረጃጀት ይሁን የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ኢስታንቡል እንሂድ።

ኢስታንቡል እ.ኤ.አ. በ1509 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶባታል። መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር የድንጋይ ቤት ሰው ይገድላል፣ የእንጨት ቤት ግን ይወዛወዝና ይቆማል። እናም ሕዝቡ በእንጨት ይሠራ ነበር። ከአንዱ አደጋ የሸሸ ሰው ሌላው ላይ ወደቀ፤ ጠባብ መንገድ፣ ተደጋግፎ የቆመ የእንጨት ቤት፣ የክረምት የከሰል ማንደጃ፣ ከባሕሩ የሚነሳ ነፋስ። በ1660 የተነሳው እሳት የከተማዋን ትልቅ ክፍል በላ። በ1782 እና በ1826 ሌሎች ታላላቅ ቃጠሎዎች መጡ። ኢስታንቡሎች ከእሳት ጋር ኖረዋል ማለት ማጋነን አይሆንም። በ1720 እስልምናን የተቀበለ ጌርቼክ ዳዉድ የተባለ ፈረንሳዊ በእጅ የሚገፋ የውኃ ፓምፕ ሠርቶ የመጀመሪያውን የእሳት አጥፊ ጓድ አቋቋመ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት የገላታ ግንብ በዚያ ዘመን እሳት የሚጠበቅበት ማማ ነበር፤ በበያዚድ በኩል ደግሞ በ1828 ለዚሁ ሥራ የድንጋይ ግንብ ተሠራ።

ታዲያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ምን ያደርግ ነበር? ዘካና ሰደቃ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለት ነገሮች ነበሩት። አንደኛው በየሰፈሩ የሚቋቋም «ዐዋሪዝ ወቅፍ» የሚባል የጋራ ገንዘብ ነው፤ ስሙ ራሱ «ድንገት የሚመጣ ነገር» ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው የሚያዋጣውና ባለጸጎች ወቅፍ የሚያደርጉት ገንዘብ የሰፈሩን ድንገተኛ ወጪ ይሸፍናል፣ ድሃ ይረዳል፣ የታመመ ይደግፋል። ሁለተኛው የየሙያው ማኅበር የሚያስቀምጠው ሳንዱቅ ነው። ጫማ ሰፊው፣ አንጥረኛው፣ ልብስ ሰፊው በየማኅበሩ ያዋጣል፤ የታመመ ወይም መከራ የደረሰበት አባል ከዚያ ይረዳል። አንባቢያችን «ይሄማ እድር ነው» እንደሚል እናውቃለን። አዎ፣ በጣም ይቀራረባል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረው፣ ይህንንም ልብ በሉ። የሰፈር ሳንዱቅ አንድ ቤት ሲቃጠል ይረዳል። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሌሊት ሲቃጠል ግን ሰጪውም ተቀባዩም ያው ተጎጂ ናቸው። አዋጪዎቹ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ካሉ እሳቱ ሳንዱቁንም አብሮ ይበላዋል። ይህ እምነት ወይም ወንድማማችነት ከማጣት የመጣ አይደለም፤ የስሌት ጉዳይ ነው። ጉዳትን የሚሸከመው ገንዘብ ከአንድ እሳት ስፋት መብለጥ አለበት፤ አዋጪዎቹም አብረው የማይቃጠሉ ሰዎች መሆን አለባቸው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1870 ይህ በግልጽ ታየ። በቤይኦሉ ሰፈር የተነሳ እሳት በነፋስ ተገፍቶ በሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎችን አወደመ። የእንግሊዝ ኤምባሲ ተቃጠለ፣ ታዋቂው የናዑም ቲያትር ቤት ወደመ። ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥት የሃንጋሪ መኳንንት የሆነውን ኦዶን ሴቼኒን አስመጥቶ ዘመናዊ የእሳት አደጋ ጓድ አቋቋመ። ከእሳቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የእንግሊዝ የእሳት መድን ኩባንያዎች ወደ ከተማዋ ገቡ፤ የኦቶማን አጠቃላይ የመድን ኩባንያ የተቋቋመው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው።

እነዚህ ኩባንያዎች ከየት መጡ? ከራሳቸው እሳት። ለንደን በ1666 ለአራት ቀናት ስትቃጠል ወደ 13,200 ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፤ እሳቱ የተነሳው ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ኒኮላስ ባርቦን የተባለ ሐኪምና ቤት ሠሪ የእሳት መድን ቢሮ ከፈተ። ለጡብ ቤት የዓመት ኪራዩን 2.5 ከመቶ፣ ለእንጨት ቤት 5 ከመቶ ያስከፍል ነበር። አደጋው እጥፍ ከሆነ ክፍያውም እጥፍ ይሁን ማለት ነው፤ ይህ አመለካከት እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኢስታንቡል ላይም በ1904 እና በ1906 መካከል ቻርልስ ጎድ የተባለ ካርታ ሠሪ ለኩባንያዎቹ የከተማዋን ካርታ ሲሠራ የድንጋዩን ቤት በአንድ ቀለም፣ የእንጨቱን በሌላ ቀለም ለይቶ አስቀምጧል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ሌላ ታሪክ አለ። በጀርመኗ ሐምቡርግ ባርቦን ቢሮውን ከመክፈቱ በፊት በ1676 የከተማዋ የእሳት ሣጥን ተቋቁሞ ነበር። ቀደም ሲል የነበሩ የቤት ባለቤቶች የመረዳጃ ውሎች ተዋህደው የፈጠሩት የከተማው ሕዝብ የጋራ ሣጥን ነው እንጂ የነጋዴ ትርፍ ማግኛ አልነበረም። መድን ከጅምሩ የግድ «ኩባንያ የሚያተርፍበት» ነገር አልነበረም ማለት ነው። ይህን የምናነሳው ቀጥሎ ለሚመጣው የዑለማእ ክርክር ስለሚጠቅመን ነው።

ከሙስሊም ፈቂሆች መካከል ስለ መድን በግልጽ ከጻፉት ቀደምት ዑለማእ መካከል የሚጠቀሱት የደማስቆው ኢብን ዓቢዲን (1784–1836) ናቸው። የሐነፊ መዝሀብ ታላቅ ሊቅ ሲሆኑ «ረድ አል-ሙሕታር» በተሰኘው ሥራቸው ውስጥ የአውሮፓ ነጋዴዎች «ሱከራ» የሚሉትን ክፍያ አንስተዋል። ነጋዴው መርከብ ሲከራይ ለአንድ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ዕቃው በእሳት ወይም በመስጠም ወይም በዝርፊያ ቢጠፋ ያ ሰው ይክሳል። ኢብን ዓቢዲን ይህ ሰው በሸሪዓ ያልተጣለበትን ግዴታ በራሱ ላይ የጫነ ነው፣ ስለዚህ ሙስሊሙ ነጋዴ ካሳውን ሊወስድ አይገባም አሉ፤ ውሉ የት አገር እንደተፈጸመ እያዩም ለዩነት አስቀመጡ። ልብ እንበል፣ ያዩት ነገር የመርከብ ውል ነው፤ የፈረዱትም ባዩት ላይ ነው።

በ1961 ደማስቆ ላይ በተካሄደው የፊቅህ ሳምንት ክርክሩ በይፋ ፈነዳ። ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ መድን አዲስ ዓይነት ውል ነው፣ በመሠረቱ ይፈቀዳል ብለው ተከራከሩ፤ ሙሐመድ አቡ ዘህራ ደግሞ ተቃወሟቸው። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በፌስቡክ ኮሜንት ሥር እርስ በርስ የሚሰዳደቡ ልጆቻችን ቢያንስ ጉዳዩ የእነ አዝ-ዘርቃ ደረጃ ያላቸው ሊቃውንት የተለያዩበት መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

ሚዛኑ ያረፈው ግን በሦስተኛ መንገድ ላይ ነው። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማእ ምክር ቤት በ1977 የትብብር መድንን ፈቀደ። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ የንግድ መድን ውል ከፍተኛ ገረር ያለበት በመሆኑ እንደማይፈቀድ፣ በመዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመው የትብብር መድን ግን አማራጭ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ በፊት በ1979 ሱዳን ውስጥ የመጀመሪያው ኢስላማዊ የመድን ኩባንያ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ማሌዥያም በ1984 የተካፉል ሕግ አወጣች። «ተካፉል» ማለት እርስ በርስ መዋዋስ፣ አንዱ ለሌላው መቆም ማለት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በንግድ መድን አረቦኑ የኩባንያው ይሆናል፤ አደጋ ከደረሰ ይከፍላል፣ ካልደረሰ ትርፉ የእሱ ነው። (በነገራችን ላይ «አረቦን» የሚለው ቃላችን በፊቅህ መጻሕፍት ለቀብድ ከሚውለው የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ነው።) በተካፉል ግን የምትከፍሉት ለተሳታፊዎች የጋራ ሣጥን የሚሰጥ ተበሩዕ፣ ማለትም ልገሳ ነው። ኩባንያው የሣጥኑ ባለቤት ሳይሆን አስተዳዳሪ ነው፤ ለድካሙ የታወቀ ክፍያ ይወስዳል። ሣጥኑ ቢጎድል ያለ ወለድ ያበድረዋል፤ ቢተርፍ በውሉ መሠረት ለተሳታፊዎች ሊመለስ ይችላል። ገንዘቡም ወለድ ላይ አይቀመጥም፣ የሸሪዓ ቦርድም ይቆጣጠረዋል። የአሽዐሪዮቹን ጨርቅ አስታውሱ፣ እና የሚሊዮን ሰው ጨርቅ አድርጋችሁ አስቡት፤ አዋጪዎቹም በአንድ ሰፈር ያልታጠሩ።

አገራችን ላይ መድን የጀመረው ከአቢሲኒያ ባንክ ጋር ነው። በ1905 የተከፈተው ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በ1951 ኢምፔሪያል የተባለው የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወርሶ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን መሠረተ፤ ከ1994 በኋላ ለግል ባለሀብት ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከወለድ የሚርቀው ሙስሊም አማራጭ አልነበረውም። ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ ያወጣው በ2020 ነው። ከዚያ ወዲህ በነባር ኩባንያዎች ውስጥ የተካፉል መስኮቶች ተከፍተዋል። (እስካሁን የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ይህ ሁሉ ለምን ይመለከተናል? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ስትቃጠል ያየነውን አንረሳም። ነጋዴው ተደጋግፎ በቆመ ሱቅ ውስጥ፣ ጎረቤቱ እድርተኛው፣ እድርተኛው ጎረቤቱ። የኢስታንቡል ታሪክ ማለት እኮ ይሄው ነው። ሕዝባችን ሲደርስ ይደርሳል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሰደቃው አይጠፋም። ሰደቃ ግን ስንት እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ተጎጂውም ስልክ ቁጥሩን ለሰው እየበተነ መለመን ይገደዳል። ቀቢሳን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የነገሯቸው ልመና የመጨረሻው በር መሆኑን ነው።

እንግዲህ ውል የሚገባ ሰው ምን እንደሚገዛ ይወቅ። መሠረታዊ የእሳት መድን በአብዛኛው እሳትንና መብረቅን ነው የሚሸፍነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ማዕበል፣ የቧንቧ ፍንዳታ፣ ሁከትና ረብሻ በተጨማሪ ክፍያ የሚገቡ ናቸው፤ ካልጻፋችሁ የላችሁም። ስርቆት ለብቻው ነው፤ በር ወይም መስኮት የመሰበሩ ምልክትና የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት፣ ጦርነት፣ በእርጅና የመጣ ብልሽት፣ ለወራት ሲንጠባጠብ የኖረ ቧንቧ ያበላሸው ግድግዳ አይሸፈንም። መድን ለድንገተኛ ነገር እንጂ ለቸልታ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ግን የዋጋ ግምቱ ነው። እዚህ አገር መሬት የመንግሥት ነው፤ እሳትም መሬት አይበላም። ስለዚህ መድን የሚገባለት የቤቱ የመሸጫ ዋጋ ሳይሆን እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ወጪ ነው። አረቦን ለመቀነስ ዝቅ አድርጎ የሚያስመዘግብ ሰው ደግሞ ራሱን ይጎዳል። ቤቱን እንደገና ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል፤ እሱ 2 ሚሊዮን አስመዘገበ። ማእድ ቤቱ ተቃጥሎ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ ሙሉውን አያገኝም፤ ግማሹን ስላስመዘገበ ግማሹን፣ 500 ሺህ ብር ያገኛል። ከዚያም ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ በውሉ ካለ ይቀነሳል። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ በየዓመቱ በሚዘልበት አገር ከአምስት ዓመት በፊት የተገመተ ቤት ዛሬ ግማሽ መድን ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። በየእድሳቱ ግምቱን አስተካክሉ።

በብድር ቤት የገዛ ሰው ባንኩ ያስገባው መድን በመጀመሪያ ለባንኩ ዕዳ መሆኑን፣ ሶፋና ፍሪጅ ውስጡ እንደሌለ ይወቅ። ተከራይም እንዲሁ፤ የአከራዩ መድን የአከራዩን ግድግዳ እንጂ የተከራዩን ዕቃ አይመለከትም። የዕቃ መድን ለብቻው መጠየቅ ይቻላል። መኖሪያ ቤት ብሎ አስመዝግቦ ግቢው ውስጥ እንጀራ ለገበያ የሚጋግር ወይም ቤንዚን የሚያከማች ሰው ይህን ካልተናገረ ካሳውን ሊያጣ ይችላል፤ በፊቅህ ንግድ ውስጥም እንከንን መደበቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ተካፉል ለመግባት መስኮቱ ላይ ስትቀርቡ መጠየቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የአስተዳዳሪው ክፍያ ስንት ከመቶ ነው? ትርፍ ሲኖር በምን ቀመር ይከፋፈላል? የተካፉሉ ገንዘብ ከመደበኛው መድን ገንዘብ ጋር በሒሳብ ተለይቶ ተቀምጧል ወይ? የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን ናቸው? ትልቅ አደጋ ቢመጣ ሣጥኑን የሚደግፈው ሁለተኛ መድን ተካፉል ነው ወይስ መደበኛ? መልስ የማይሰጣችሁ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አለቃውን ጥሩ፤ ሣጥኑ የእናንተ ነው። የግል ሁኔታችሁን በተመለከተ ደግሞ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ እኛ ታሪኩን አቀረብን እንጂ ፈትዋ አልሰጠንም።

ዛሬ ማታ ግን ውልም አረቦንም የማይጠይቀው ነገር አለ። ከሰሉን ወደ ውጭ አውጡት፣ የጋዙን ቫልቭ ዝጉ፣ መብራት በጠፋበት ሰፈር ሻማውን መጋረጃ ሥር አትተዉት፣ ሳትነቅሉት የሄዳችሁትን ካውያና ምጣድ መብራቱ ሲመለስ ማን እንደሚያየው አስቡ። ጣሪያው ላይ አይጥ ከሰማችሁም ሽቦውን አስፈትሹ።

ወላሁ አዕለም።